የገነት ባለቤትና የገነት ጠባቂ

ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ የሚያርፍበት ለምለም ስፍራ ሲፈልግ ይኖራል። ይህም ፍለጋ ከተድላ ምኞት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የመጀመሪያው አባቱ ይኖርበት የነበረው ስፍራ ገነት ስለ ነበረ፣ ልጁም የአባቱን ቤት በልቡ ስለሚያስብ ነው። ስለዚህ ንጉሥ ዙፋኑን ካጸና በኋላ አትክልት ያስተክላል፤ ባለጸጋም ገንዘብ ካከማቸ በኋላ ጥላ ያለበት ግቢ ያበጃል፤ ድኻም ቢሆን በደጃፉ አንዲት ኮክ ተክሎ ከሥሯ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ደስታ ጋራ አብሮ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ሳይጠየቅ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሰው እጁ ያልደከመበትን ውበት አይቶ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ዕዳ አለበትን ወይስ የለበትም? የሚል ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተነገረው፣ አዳም በገነት በተቀመጠ ጊዜ ሁለት ሥራ ተሰጥቶት ነበር፤ አንዱ ማበጀት፣ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። ከፍሬውም መብላት ተፈቅዶለት ነበር፤ ነገር ግን ስፍራው የግል ርስትህ ነውና እንደ ወደድህ አድርገው አልተባለም። ስለዚህ የሰው የመጀመሪያ ማዕርጉ ጠባቂነት ነው እንጂ ባለርስትነት አይደለም። ከገነትም የወጣው መጠበቁን ትቶ ባለቤት ለመሆን እጁን በዘረጋ ጊዜ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ይህ ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ በሥራ ሲፈተን ግን ከባድ መሆኑን የሚከተለው የአንድ ቀን ታሪክ ያስረዳል።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በሆነችው በእንጅባራ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ አባቶች በዓድዋ ዘመቻና በኋላም በጠላት ወረራ ዘመን በፈረስ የፈጸሙትን ተጋድሎ ያስባል። በዚያ ቀን ፈረሱ ተሸልሞ፣ ፈረሰኛውም ለብሶ ሜዳውን ሲሞላው ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ከሩቅም ከቅርብም ብዙ እንግዳ ስለሚመጣ፣ በማግሥቱ ከእንግዶቹና ከከተማው ሰዎች መካከል ስንቁን ይዞ ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚሄድ አለ።

አንድ ዓመትም በጥር 24 ቀን፣ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ከሦስት ሰዎች ጋራ ወደዚያ ሄዱ። ከሦስቱ አንዱ ቀድሞ ደቀ መዝሙራቸው የነበረ፣ አሁን በገጠር አጥቢያ የሚያገለግል ቄስ ነው። ሁለተኛው በከተማው ምግብ ቤት ያለው ነጋዴ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያስተምር ወጣት ነው። ወራቱ በጋ ስለ ነበረ ሰማዩ ጠርቷል፤ ነገር ግን እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ያለች ደጋ ናትና፣ ማለዳው ብርዳም ነበር፤ ሁሉም ጋቢያቸውን ደርበው ሄዱ።

ዘንገና ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ መንገድ አጠገብ፣ ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ምድርን ከፍቶ በተወው ጕድጓድ ውስጥ ውኃ ሞልቶ የተፈጠረ ስለ ሆነ፣ ቅርጹ እንደ ጻሕል ክብ ነው። ዙሪያው ገደል፣ ገደሉም ዛፍ የለበሰ ነው፤ በቅርንጫፉ ጦጣ ይዘላል፤ ወፍም ይዘምራል። ወርዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ያህል እንደሚደርስ ይነገራል። ታላቁ ጣና ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ሳለው፣ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም። ወጣቱ ይህን በነገራቸው ጊዜ መምህሩ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያስ ስፋት ሁሉ ጥልቀት አይደለም» አሉ።

ከጥላ በታች ተቀምጠው ዳቦውን ከቈረሱ በኋላ፣ ነጋዴው ውኃውንና ደኑን በደስታ ተመልክቶ፣ «የኔታ፣ ይህ ስፍራ የእኔ ቢሆን ኖሮ ዙሪያውን በግንብ አጥሬ፣ አበባ አስተክዬ፣ ማንም ሳይነካው አኖረው ነበር» አለ። ወጣቱም ነገሩን ተቀብሎ፣ በውጭ አገር እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለ አስረዳ። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. «ናሽናል ትረስት» የሚባል ማኅበር እንደ ተቋቋመ፣ ዛሬም ሰው በዕረፍቱ ቀን ቲኬት ቈርጦ እየገባ በቀድሞ መሳፍንት አትክልት መካከል ሲመላለስ እንደሚውል ነገራቸው። መምህሩ የማኅበሩ ስም ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቁት። «የሕዝብ አደራ እንደ ማለት ነው» አላቸው። እርሳቸውም፣ «ስሙ ከአትክልቱ ይበልጣል» ብለው መለሱ።

ይህን ሲጫወቱ አንዲት ሴት ከደኑ ውስጥ እንጨት ተሸክማ ወጣች። ከሸክሟ ደረቅ ጭራሮ ይበዛል፤ ነገር ግን በመካከሉ እርጥብ፣ ቅጠሉም ያልረገፈ እንጨት ነበረ። ነጋዴው ብድግ ብሎ፣ «አንቺ ሴት፣ እንዲህ ያለ ስፍራ እንዴት ይቈረጣል? እግዚአብሔርን አትፈሪም?» ብሎ ተቈጣት። ሴቲቱም ሸክሟን ሳታወርድ ፊቱን ተመለከተችው። ከዚያም በዝግታ፣ «ጌታዬ፣ ለትናንቱ በዓል በምግብ ቤትዎ ጓሮ እንጨት ያራገፍሁት እኔ ነኝ። ዋጋውን ተከራክረው ያስቀነሱኝም እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ከየት አመጣሽው አላሉኝም» አለችው። ይህንም ብላ ለመምህሩ በራሷ እጅ ነሥታ መንገዷን ሄደች። ነጋዴው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ለጥቂት ጊዜም ከአራቱ የተናገረ አልነበረም።

ይህን የሚመስል ነገር በየቀኑ በየስፍራው ይሆናል። ሰው ለዓይኑ ደስ የሚያሰኘውን ሲወድድ፣ ያንኑ የሚያጠፋውን ነገር በሌላ እጁ ሲገዛ አይታወቀውም። ሴቲቱ ንጹሕ ናት ማለት አይደለም፤ እርጥብ ዛፍ ቈርጣለችና። ነገር ግን እርሷ ዛፉን የቈረጠችው ምድጃ እንዳይጠፋ ነው፤ የእርሷም ምድጃ ብቻ አይደለም፤ በከተማ ተቀምጦ የሚገሥጻት ሰው ምድጃም ጭምር ነው። እንግዲህ ኃጢአቱን የሚካፈል ሰው ተግሣጹን ለብቻው ሊይዝ አይገባውም። ተግሣጽ ከራስ ሲጀምር ትምህርት ይሆናል፤ በሌላ ሲጀምር ግን ከትዕቢት አይለይም።

መምህሩ ነገሩን ከዚህ አንሥተው በታሪክ አስፍተው ተናገሩ። በመጽሐፈ ነገሥት የተነገረውን የንጉሥ አክዓብን ነገር አስታወሷቸው። ንጉሡ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ የአትክልት ስፍራ ሊያደርገው ወደደ። ምኞቱ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ጐመን መትከል በደል አይደለምና። ዳሩ ግን ናቡቴ የአባቶቹ አደራ ስለ ሆነበት እንቢ ባለ ጊዜ፣ ንጉሡ ተቈጥቶ እህል አልበላም አለ፤ ፍጻሜውም የንጹሕ ሰው ደም ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። አንድ ሰው ውብ ስፍራን አይቶ «ለእኔ ብቻ» ባለ ጊዜ፣ ውበቱ የግፍ መንገድ ይሆንበታል። ሰሎሞንም አትክልት አስተክሎ፣ ዛፎቹን የሚያጠጣ ኩሬ አስቈፍሮ፣ በመጨረሻ ድካሙን ሁሉ መለስ ብሎ ባየው ጊዜ ከንቱ ሆኖ እንዳገኘው በመጽሐፈ መክብብ ይናገራል።

ወጣቱ መምህር ግን፣ ይህ የውጭ ነገሥታት ታሪክ ነው፤ በኢትዮጵያስ እንዲህ ያለ የነገሥታት አትክልት ነበረን? ብሎ ጠየቀ። ነበረ። ዐፄ ሱስንዮስ ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን ዋና ከተማቸው ደንቀዝ ሳለ፣ በአዘዞ ሌላ ማረፊያ አሠርተው ነበር። አዘዞ ከዛሬዋ ጎንደር በስተ ደቡብ ከአሥር ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ያለች አገር ናት። በዚያም አትክልት፣ በድንጋይ የታነጸ ኩሬ፣ በኩሬውም መካከል በውኃ የተከበበ ማረፊያ ነበረ። በሥራውም ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ረድተዋል። ከአትክልቱ አጠገብ የቆመው ቤተ ክርስቲያንም ገነተ ኢየሱስ ተባለ። ከዚህ ስም የሚበልጥ ስም ለአትክልት ስፍራ ሊወጣለት አይችልም።

ነገር ግን ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የሮማን እምነት በግልጥ ስለ ተቀበሉ፣ ሕዝቡንም ወደዚያው ለመመለስ በኀይል ስለ ተነሡ፣ አገር ተከፈለ። አባት ከልጅ፣ ወንድም ከወንድም ተለያየ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። የሞቱት ሁሉ የገዛ ሕዝባቸው ነበሩና፣ ድሉ ለንጉሡ ኀዘን ሆነባቸው። በሰኔ ወር የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በመስከረም 1625 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው በገነተ ኢየሱስ ነው። የገነቱ ባለቤት በመጨረሻ ከገነቱ የደረሳቸው የመቃብር ስፍራ ነው። አትክልቱም ጠፋ፤ ኩሬውም አፈር ለበሰ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከስፔን የመጡ የቍፋሮ ሊቃውንት በዚያ ስፍራ አፈሩን እየገለጡ የግንቡንና የኩሬውን ቅሪት ሲመረምሩ ነበር። አንድ ጊዜ ነገሥታት የተናፈሱበት ስፍራ በመለኪያ ገመድ የሚፈለግ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ጋራ ሌላውን ስፍራ ማነጻጸር ይገባል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ። በቀሐ ወንዝ አጠገብ፣ ስማቸውን ይዞ የሚጠራው መዋኛም በዛፎች መካከል ቆሟል፤ የዛፎቹ ሥር የግንቡን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል። ይህም እንደ አዘዞው ሁሉ የነገሥታት ሥራ ነው፤ በሕዝብም ድካም የተሠራ ነው። ታዲያ ያኛው ሲጠፋ ይህ ስለ ምን ቀረ? ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ታላቁ ግን አንድ ነው። በየዓመቱ ለጥምቀት ውኃ ይሞላበታል፤ ታቦታቱ ወርደው በአጠገቡ ያድራሉ፤ ሲነጋም ውኃው ይባረካል፤ ባለጸጋውም ድኻውም በአንድ ውኃ ይረጫል። በዚያ ቀን ሕዝቡ ሁሉ «የእኔ ነው» ይላል፤ «የእኔ ብቻ ነው» የሚል ግን አይገኝም። በ1972 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ መንግሥት ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ፤ በዓሉም ራሱ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ። ዳሩ ግን ከመዝገቡ አስቀድሞ የጠበቀው የሕዝቡ ፍቅር ነው። ከመዋኛነት ወደ ጥምቀተ ባሕርነት በተላለፈ ጊዜ፣ ከባለቤት እጅ ወጥቶ በጠባቂዎች እጅ ገባ።

ቄሱ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ «እንግዲያስ የኔታ፣ ቤተ ክርስቲያን የያዘችው ሁሉ ይጠበቃል ማለት ነዋ?» አለ። በእርግጥም ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ነገር በጎጃምና በጎንደር በየኮረብታው ይታያል። እርሻው በተራቈተበት፣ ሜዳውም በነጣበት አገር፣ ከሩቅ ጥቍር አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ነገር ቢኖር፣ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ መንገደኛው ሳይጠይቅ ያውቃል። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው በዚያ ተጠልሎ ይኖራል። የቅኔ ተማሪ በዋሸራም ይሁን በጎንጅ፣ ቅኔውን የሚቈጥረው በእንዲህ ያለ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነው። ዛፉን አይሸጠውም፤ አይገዛውምም፤ ጥላውን ተቀብሎ ምስጢር ሲያወጣበት ይውላል። ሰምና ወርቅን ከሚለይበት ከዚያ ስፍራ ሌላ ትምህርት ቤት አልነበረውም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በታተመው ጥናታቸው፣ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ የ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረው መዝግበዋል። የሃያ ስምንቱም ደን በአንድ ላይ ሲደመር 500 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ስፍራ ይህን ያህል ፍጥረት መትረፉ፣ የአባቶችን ጠባቂነት የሚመሰክር ነገር ነው።

ይሁን እንጂ መምህሩ ለቄሱ ጥያቄ የሰጡት መልስ ቄሱ የጠበቀው አልነበረም። «ገነተ ኢየሱስም የቤተ ክርስቲያን ስም ነበረው» አሉት። ስም ብቻውን አይጠብቅም፤ ቅጥርም ብቻውን አይጠብቅም። ዛሬ በብዙ አጥቢያ አሮጌው ዛፍ ቆሞ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ችግኝ የለም። ከብት ገብቶ ስለሚግጠው፣ ሰውም ስለሚረግጠው፣ ዘሩ በቅሎ አያድግም። ይህም ደቀ መዝሙር የሌለው የቅኔ ቤት ማለት ነው፤ መምህሩ በሕይወት ሳለ ጉባኤው ያለ ይመስላል፤ መምህሩ ባለፈ ጊዜ ግን ቤቱ ባዶ መሆኑ ይታወቃል። በሌላው አጥቢያ ደግሞ አገር በቀሉ ዛፍ እየተነሣ በስፍራው ባሕር ዛፍ ይተከላል። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ገብቶ ብዙ ጥቅም የሰጠ ተክል ነው፤ ጥፋቱ ከተክሉ አይደለም፤ ስፍራውን ካለማወቅ ነው።

በዚህ ጊዜ ቄሱ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያም ሳይሸሽግ ተናገረ። በሚያገለግልበት ደብር በቅጽሩ ውስጥ ከነበሩት ትላልቅ ዛፎች ሁለቱ ተቈርጠው እንደ ተሸጡ፣ በስፍራቸውም ባሕር ዛፍ እንደ ተተከለ፣ እርሱም በጉባኤው ተቀምጦ እንደ ተስማማ ነገራቸው። ምክንያቱንም አስረዳ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የመሳፍንቱና የባለርስቱ ሰፊ መሬት ለሕዝብ ሲሆን፣ አብያተ ክርስቲያናትም ይተዳደሩበት የነበረውን መሬት አጥተዋል። አዋጁ ብዙ ጭሰኛን ከግፍ ነጻ ማውጣቱ አይካድም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የገጠር ካህን የሚኖረው ሕዝቡ በሚያዋጣው ነው፤ ጣራው ሲያፈስ ቆርቆሮው በገንዘብ ይገዛል፤ ጧፍና ዕጣን በገንዘብ ይገዛል። «ዛፉን ያልሸጥን እንደ ሆነ ቅዳሴው በምን ይቀጥላል?» አለ። ይህም የሴቲቱ ጥያቄ ነው፤ በካህን አንደበት ስለ ተነገረ ሌላ አይሆንም። ምድጃዋ እንዳይጠፋ የቈረጠች ሴትና፣ መቅረዙ እንዳይጠፋ የቈረጠ ካህን በአንድ ችግር ውስጥ ናቸው።

መምህሩ አልተቈጡትም። «ልጄ፣ እርሷን የገሠጸ ሰው ከእኛ መካከል አንድ ነው፤ ልትገሥጽ የምትችለን ግን እርሷ ናት» አሉት። ከዚያም መጠበቅ ማለት ፈጽሞ አለመንካት እንዳልሆነ አስረዱ። አዳም ማበጀትም ታዝዟልና፣ ጠባቂነት ሥራ አለበት። በዚሁ በአዊ፣ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በእርሻቸው ላይ ይተክላሉ። በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ቈርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ በስፍራውም እንደ ገና ይተክላሉ። የሚቈርጡት የተከሉትን ስለ ሆነ፣ ምድጃውም አይጠፋም፤ ዱሩም አይከሰስም። እንዲሁም ደብሩ ለገቢ የሚሆነውን ዛፍ ከቅጽሩ ርቆ በተለየ ስፍራ ቢተክል፣ አሮጌውን ደን ግን ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ቢያጥር፣ ችግኙ ያድግ ነበር። ለምድጃ የሚሆን ዛፍ አለ፤ ለጥላና ለጸሎት የሚሆን ዛፍ አለ፤ ጥበብ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ነው። ሁሉን የሚቈርጥ ሰው ነገ ይራባል፤ «ምንም አይነካ» ብሎ የሚከለክል ሰው ደግሞ ሌላውን ዛሬ ያስርባል።

ከዚህ በኋላ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ውበትን አይቶ የተደሰተ ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳውም ለገደሉና ለውኃው አይደለም፤ ገደልና ውኃ ከሰው የሚሹት ነገር የለምና። አስቀድሞ ለፈጠረ አምላክ ነው፤ ቀጥሎም እየተራበ ሳይቈርጥ ለተወ ሰው ነው። በማናቸውም ለምለም ስፍራ የቆመ እያንዳንዱ ዛፍ፣ አንድ ጊዜ አንድ ሰው ምሳር ይዞ መጥቶ የተወው ዛፍ ነው። ያ ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ ሐውልትም አልቆመለትም። የነገሥታቱን አትክልት ያሠሩት ስማቸው በታሪክ ሲነገር ይኖራል፤ አትክልቱ ግን ጠፍቷል። የደኑን ዛፍ የተዉት ስማቸው ጠፍቷል፤ ዛፉ ግን ቆሟል። ከሁለቱ የትኛው በእግዚአብሔር ፊት እንደሚበልጥ መፍረድ አስቸጋሪ አይመስልም።

ዕዳውም የሚከፈለው በአድናቆት ቃል አይደለም፤ በገንዘብ ብቻም አይደለም። ቲኬት ቈርጦ የገባ ሰው ለመግቢያው ከፈለ እንጂ ለጠባቂነቱ አልከፈለም። ዕዳው የሚከፈለው ሰው በቤቱ፣ በምድጃውና በገበያው የሚያደርገውን ነገር ከወደደው ውበት ጋራ ሲያስማማ ነው። በሐይቅ ዳር የተቀመጠ ሰው ምን ያህል እንደ ተደሰተ አይጠየቅም፤ በማግሥቱ እንጨት ሲገዛ ከየት እንደ መጣ መጠየቁና አለመጠየቁ ነው የሚታየው። ካህኑም ስለ ገነት በመስበኩ አይመዘንም፤ በቅጽሩ ውስጥ አንዲት የወይራ ችግኝ መኖርዋና አለመኖርዋ ነው የሚመዝነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራቱ ሰዎች ተነሥተው ወደ ከተማ ተመለሱ። ነጋዴው መንገዱን ሙሉ ጥቂት ብቻ ተናገረ። ከከተማው ሲደርሱ፣ ከእንግዲህ እንጨቱን ተክለው ከሚቈርጡ ገበሬዎች ብቻ እንደሚገዛ፣ የሴቲቱንም የቀነሰባትን ዋጋ ፈልጎ እንደሚመልስላት ለመምህሩ ነገራቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ዕዳህን ማወቅህ መልካም ነው፤ ማወቅ ግን መክፈል አይደለም። ደግሞም ከእርሷ መግዛት ብትተው በምን ትኖራለች? ይህንንም አብረህ አስብበት» ብለው ተሰናበቱት። እርሱም የሚመልሰው አጥቶ በደጃፉ ቆሞ ቀረ። ቄሱ በበኩሉ ወደ ደብሩ ሲሄድ፣ መምህሩ በቅኔ ቤታቸው ደጃፍ ካፈሉት ችግኝ ሁለት የወይራ ፍሬ ያደጉትን ከነአፈራቸው በቅጠል ጠቅልለው ሰጡት። ሁለት ዛፍ ተሽጧልና፣ ቍጥሩ ለምን ሁለት እንደ ሆነ አልጠየቃቸውም።

የነጋዴው ጥያቄ ገና መልስ ይፈልጋል፤ የቄሱም ችግኝ ዛፍ ለመባል ብዙ ዘመን ይፈልጋል። ነገር ግን ባለቤት ነገውኑ ፍሬ ይሻል፤ ጠባቂ ግን የማይቀመጥበትን ጥላ ይተክላል። በመጀመሪያ ገነትን ጠብቁ ብሎ አደራ የሰጠ አምላክ፣ የተረፈውን ለመጠበቅ ማስተዋልን፣ የጠፋውንም ለመትከል ትዕግሥትን ለሁሉ ያድል። አሜን።